የመጀመሪያዋ ሲባጎ

ሐምሌ ሲገባ ጀማ ድምፁ ይወፍራል፤
ድንጋይ እንደ ጥርስ ሲያፋጭ ያድራል።
ከጅሩ አፋፍ ወርደን ዳሩ ላይ ስንቆም
ማዶ መርሐቤቴ ሩቅ አገር አይደለም፤
ውሻው ሲጮህ ይሰማል፣ የሚስለው ይለያል፣
ማን ቤቱን ቆርቆሮ እንዳለበሰ ይታያል።
መርዶ ግን በእግሩ አይመጣም ነበር፤
አንዱ ማዶ ቆሞ፣ መዳፉን ባፉ ዙሪያ አድርጎ ሲናገር
ግማሹን ውሃው ይበላዋል።
«...ሞተ» ይሰማል፤ ማን እንደሞተ ይጠፋል።
እናም ሁላችን እናለቅስ ነበር፣ ለሁሉም፣
ወንዙ እስኪጎድል ድረስ፣ እስከ መስከረም።

አባቴ አሻጋሪ ነው፤ ስሙም ወሰንየለህ።
የፍየል ስልቻ ነፍቶ፣ «ያዝ! ጨፍን! እግዜር ይርዳህ!»
ጨው በራሱ ጭኖ፣ ሰው በጎኑ አስጠግቶ
ሲገባ ሲወጣ ኖረ፣ ቆዳው እንደ ስልቻው ለፍቶ።
ሙሽራ አሻግሯል፣ ቀሚሷን በራሱ ጠምጥሞ፤
ዳኛ አሻግሯል አንዴ፣ ማኅተሙን በጥርሱ ገጥሞ።
አንድ ነሐሴ ላይ ግን የእናቴን ታናሽ፣ እቴነሽን
ይዞ ገባ፤
ስልቻውን ብቻ ይዞ ወጣ።
ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ አንድም ቃል አላወጣ።
ዋጋም አልጨመረ፣ ሥራውንም አልተወ፤
ብቻ መሃል ሲደርስ ትንሽ ይዘገያል፣ ይላል ያየው ሰው።

መሐንዲሱ መጋቢት ላይ መጣ፣ ባለሦስት እግር መነጽሩን ተሸክሞ፤
ገደሉን በአንድ ዓይኑ ለካው፣ ሌላውን ጨፍኖ፣ ቆሞ።
«ሰማንያ ሁለት ሜትር» አለ።
ይህን ሁሉ ዘመን ተራርቀን
ስንት እንደተራራቅን ያወቅነው ያን ቀን።
ላቀው፣ የኮሚቴው ጸሐፊ፣ በባለመስመር ደብተር
ዕዳችንን ጻፈ፦ አሸዋ በጆንያ፣ ድንጋይ በቁጥር።
አባቴ ከኋላ ተቀምጦ ጭራሮ ይሰብራል።
«ወሰንየለህ፣ እንጀራህ ተቆረጠ!» አለ አንዱ፤ ሰው ይስቃል።
እሱ አልሳቀም፣ አልተቆጣም።
«ላቀው፣ በኔ ላይ ስንት ድንጋይ ጻፍክ?» ብቻ አለ።

ሲሚንቶው በአህያ ወረደ። ሁለቱ ገደል ገቡ፤
አንዱ ከረጢት ዝናብ መትቶት፣ ዛሬም አለ እንደ አለት፣ ከነስፌቱ።
ሽቦው ግን ለአህያ አይሆንም፤ አይቆረጥም፣ አይቀጠልም።
ከእነዋሪ የመጣው መኪና አፋፉ ላይ ጣለው፣ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም።
በመቶ አርባ ትከሻ እንደ ዘንዶ ወረደ፣ ሦስት ቀን፤
ፊተኛው ቆላ ገብቶ ሲያልበው
ኋለኛው ደጋ ላይ ይበርደዋል፤
አንዱ ሲያነጥስ ሁሉም ይቆማል።
ሽብሩና ደረሰ፣ ደም የተቃቡት፣
ሰባት ሰው መሃላቸው አድርገው አንድ ሽቦ ተሸከሙት።
አንዱ ቢለቅ የሌላው ትከሻ ይሰበር ነበር።
አልታረቁም።
ግን እግራቸው እኩል ይነሣ ነበር።

ግንቦት አለቀ። ምሰሶው ወዲህም ወዲያም ቆሟል፤
ሽቦው ገመድ ይፈልጋል፣ ገመዱ ሲባጎ፣ ሲባጎው ሰው ይሻል።
በወንጭፍ ወረወሩት፣ መሃል ላይ ሰጠመ።
ላይ አገር ዘንቦ ነበር፣ ጀማ ደፍርሶ ገነፈለ፤
መሐንዲሱ ሰዓቱን አየ፣ ሰማይ አየ፣
የሁሉም ዓይን ዞሮ ዞሮ አባቴ ላይ ዋለ።
ሸሚዙን አጥፎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ።
ሲባጎዋን በወገቡ ሁለት ዙር ቋጠረ።
ስልቻውን አልወሰደም።
እንጀራውን የሚቆርጠውን ክር ታጥቆ
ገባ።
መሃል ሲደርስ ዘገየ። እናቴ ዓይኗን ከደነች።
እኔ አልከደንኩም፤ እጁ ከውሃው በታች
የሆነ ነገር ሲዳብስ አይቻለሁ።
ከዚያ ክሩ እንደገና ተሳበ።

ለምረቃው ባለሥልጣን መጣ፣ ጥብጣብ ተቆረጠ፤
በእብነበረዱ ላይ የማን የማን ስም ተቀረጸ።
ሲባጎዋን ላቀው ጠቅልሎ ለአባቴ ሰጠው፤
ዛሬ ጥጃ ታስሮባታል።
እኔ በነሐሴ፣ ጥላ ዘርግቼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ እሻገራለሁ።
መርዶም አሁን በእግሩ ይመጣል፣
ቁጭ ብሎ ስሙን ሙሉ ይናገራል።

አባቴ አርጅቷል። ሐምሌ ገብቶ ጀማ ድምፁ ሲወፍር
በእንቅልፉ ክንዱ ይነሣል፣ ብርድ ልብሱን ይቀዝፋል።
ልቀሰቅሰው እጄን ስሰድ እናቴ ትይዘኛለች፦
«ተዪው» ትላለች፣ «ገና መሃል ላይ ነው።»